ከስልክ ሌሊቱን ማስመለስ፦ ለጅማ የግቢ ተማሪዎች

ጅማ ውስጥ ዝናቡ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት እምብዛም ፋታ አይሰጥም። ከራት በኋላ ሲጥል ተማሪው ዶርም ይገባል፣ አልጋው ላይ ይወጣል፣ ስልኩን ያወጣል። «አንድ ቪዲዮ ብቻ» የተባለው ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ያበቃል፤ የጠዋቱ 2 ሰዓት ክፍል ግን ለማንም ብሎ አይዘገይም። ከ8 ሰዓት እስከ ጠዋቱ 1፡30 የተኛ ሰው ያገኘው 5 ሰዓት ተኩል እንቅልፍ ነው። ከ18 እስከ 25 ዓመት ላለ ሰው የሚመከረው ከ7 እስከ 9 ሰዓት ስለሆነ በትንሹ በየቀኑ 1 ሰዓት ተኩል ይጎድለዋል። ከሰኞ እስከ ዓርብ ሲደመር 7 ሰዓት ተኩል ይሆናል፤ አንድ ሙሉ ሌሊት ማለት ነው።

ይህ መመሪያ «ኢንተርኔት ተዉ» አይልም። ማስታወቂያው፣ ሃንድአውቱ፣ የሚድ (የሴሚስተር አጋማሽ ፈተና) ፕሮግራሙ ሁሉ ቴሌግራም ላይ በሚለቀቅበት ግቢ ይህን ማለት ቀልድ ነው። ደግሞም ከጎጃም ወይም ከወሎ ተመድቦ ለመጣ የአንደኛ ዓመት ተማሪ፣ ማታ ማታ ከእናቱ ጋር የሚያወራበት ስልክ መድኃኒቱ ነው። ጉዳቱ የሚመጣው ስልኩ የሌላውን ነገር ሰዓት ሲበላ ነው፤ አስቀድሞ የሚበላው ደግሞ እንቅልፍን ነው። ዓይን፣ አንገት፣ ስሜትና ውጤት ከኋላው ይሰለፋሉ። ስለዚህ እርማቱም ከሌሊቱ ይጀመራል። ሌሊቱ እንደተበላሸ ሆኖ ቀን ላይ የሚደረግ ቁጥጥር ሳምንት አይሞላም።

ሰባት ቀን ምንም ሳትቀይሩ መዝግቡ

አንድሮይድ ስልክ ላይ ሴቲንግስ ስትገቡ ዲጂታል ዌልቢንግ የሚል ታገኛላችሁ፤ አይፎን ላይ ስክሪን ታይም ይባላል። ሁለቱም በቀን ስንት ሰዓት፣ በየትኛው መተግበሪያ እንዳሳለፋችሁና ስልኩን ስንት ጊዜ እንዳነሳችሁት ያሳያሉ። ብዙ ሰው ጠቅላላ ሰዓቱን አይቶ ይደነግጣል ወይም ይጽናናል፤ ሁለቱም አይጠቅሙም። ስድስት ሰዓት ሆኖ አራቱ የተቀዳ ሌክቸር ሊሆን ይችላል። ሦስት ሰዓት ብቻ ሆኖ ሦስቱም ከሌሊቱ 6 እስከ 9 ያለው ከሆነ ግን ከባድ ነው። ላፕቶፕ ላይ የታየ ፊልም ስልኩ ቆጠራ ውስጥ እንደማይገባም አትርሱ።

ስለዚህ ከስልኩ ቆጠራ ሌላ አንድ ወረቀት ላይ አራት ዓምድ አስምሩ። በመጀመሪያው ስልኩን ከእጃችሁ ያስቀመጣችሁበትን ሰዓት ጻፉ፤ አልጋ ላይ የወጣችሁበትን ሰዓት አይደለም። በሁለተኛው የነቃችሁበትን፣ በሦስተኛው ከምሽቱ 4፡30 በኋላ ስክሪን ላይ ያለፈውን ደቂቃ አስቀምጡ። በአራተኛው ስልኩን ለምን እንደከፈታችሁ በአንድ ቃል ጻፉ፦ ድብርት፣ ናፍቆት፣ ጥናት ሽሽት፣ ዶርም ጫጫታ፣ ጥሪ። አራተኛው ዓምድ ከሌሎቹ ሁሉ ይበልጣል። ጥናት ለመሸሽ ስልክ የሚያነሳ ሰውና ቤቱ ናፍቆት የሚያነሳ ሰው መድኃኒታቸው አንድ አይደለም።

በዚያው ሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ ደግሞ ይህን ሞክሩ። ቲክቶክ ወይም ፌስቡክ ከመክፈታችሁ በፊት ስሜታችሁን ከ1 እስከ 10 ቁጥር ስጡት፣ ከ30 ደቂቃ በኋላ እንደገና ስጡት። ቁጥሩ ደጋግሞ ከወረደ መዝናኛ ነው የምትሉት ነገር እያዝናናችሁ አይደለም።

«ሱሰኛ ነኝ ወይ?» የሚለው ጥያቄ በሰዓት ብዛት አይመለስም። አሜሪካዊቷ የሥነ ልቦና ባለሙያ ኪምበርሊ ያንግ በ1998 እ.ኤ.አ. ያዘጋጀችው ባለ 20 ጥያቄ መለኪያ እስካሁን በብዙ አገር ይሠራበታል። እሱም ቢሆን አጥብቆ የሚጠይቀው እንቅልፍ ቀረ ወይ፣ ሥራ ተበላሸ ወይ፣ ከሰው ደበቃችሁ ወይ እያለ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 እ.ኤ.አ. ያጸደቀውና ከጃንዋሪ 2022 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሥራ ላይ የዋለው የበሽታዎች ምደባ ውስጥ የገቡት የጌም ችግርና የቁማር ችግር ናቸው፤ «የኢንተርኔት ሱስ» የሚባል በሽታ በራሱ ስም አልተመዘገበም። የጌም ችግር ለመባልም መቆጣጠር ማቃት፣ ጌሙን ከሌላው ሁሉ ማስቀደምና ጉዳቱ እየታየ መቀጠል አብዛኛውን ጊዜ ለ12 ወር መታየት አለባቸው። አንድ ሴሚስተር ቲክቶክ ላይ አምሽቶ ራስን በሽተኛ ማለት አያስፈልግም።

ሌሊቱ

ስልክ እንቅልፍ የሚነሳው በሦስት መንገድ ነው፤ ክብደታቸው ግን እኩል አይደለም። ብዙ የሚወራለት የስክሪን ብርሃን ሜላቶኒን የተባለውን፣ ማታ መሆኑን ለሰውነት የሚያበስረውን ንጥረ ነገር ያዘገያል። ይህ እውነት ነው፤ የስልክ ብርሃን ድርሻ ግን ከሚወራለት ያንሳል። ስክሪኑን ቢጫ የሚያደርገውን ሁነታ አብርቶ እስከ 8 ሰዓት ማየት የትም አያደርስም፤ ሰማያዊ ብርሃን ያግዳል ለሚባል መነጽር ገንዘብ ማውጣትም እንዲሁ። ሁለተኛው ይዘቱ ነው፦ የሚያናድድ ክርክር፣ የሚያስቅ ቪዲዮ፣ የሚያስፈራ ዜና ልብን ያነቃል። ሦስተኛውና ዋናው ሰዓቱ ነው። መጽሐፍ ምዕራፉ ያልቃል፣ ኳስ 90 ደቂቃው ይሞላል፤ እየተሳበ የሚወርደው ቪዲዮ ግን ማለቂያ የለውም። ቀጣዩ ጥሩ ይሁን መጥፎ አስቀድሞ ስለማይታወቅ ጣት መሳቡን አያቆምም፤ የቁማር ማሽን የሚሠራውም በዚሁ መላ ነው።

እርማቱ የሚጀምረው ከመነሻ ሰዓት ነው እንጂ ከመኝታ ሰዓት አይደለም። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ «ዛሬ በ4፡30 እተኛለሁ» ብሎ ይወስናል፣ 8 ሰዓት የለመደ ሰውነት እንቢ ይላል፣ ሁለት ሰዓት ሲገላበጥ ቆይቶ ስልኩን ያነሳል። መነሻውን 12፡30 ላይ ቁረጡ፤ ቅዳሜና እሁድም ጭምር። እንደተነሳችሁ 15 ደቂቃ ያህል ውጭ ውጡ፣ ደመና ቢሆንም የደጁ ብርሃን ከዶርም አምፖል በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ቁርስም ካፌው ሳይዘጋ ትደርሱበታላችሁ። መኝታውን ደግሞ በየሁለት ቀኑ 30 ደቂቃ ቀደም አድርጉት። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ወደ ምሽቱ 4፡30 ለመድረስ 7 እርምጃ ያስፈልጋል፤ ማለትም 14 ቀን። ከ4፡30 እስከ 12፡30 ስምንት ሰዓት ይሞላል።

ቀጥሎ የስልኩ ቦታ ነው። አልጋ ላይ ያለ ስልክ ይከፈታል፤ «አልከፍተውም» ያለ ብዙ ሰው ሞክሮ ተሸንፏል። ከራት እስከ 4 ሰዓት ባለው ጊዜ ቻርጅ አድርጉትና ከዚያ ሎከር ውስጥ ቆልፉት። ተዘግቶ የሚቆለፍ ሎከር ውስጥ ወይም ትራስ ሥር ግን ቻርጅ አታድርጉ፤ ሙቀቱ መውጫ ያጣል። «ታዲያ ማን ይቀሰቅሰኛል?» ለሚለው፣ ሂርማታ ገበያ ባትሪ ድንጋይ የሚበላ የጠረጴዛ ሰዓት አይጠፋም። «ከቤት ቢደወልስ?» ለሚለው ደግሞ ሲሙን ማታ ማታ ወደ ድሮ ባለ ቁልፍ ስልክ ማዛወር ይበቃል፤ እሱም ራሱ አላርም አለው።

ሎከር ለማይመች ሰው የስልኩ የመኝታ ሁነታ አለ፤ ስክሪኑን ጥቁርና ነጭ ያደርጋል፣ ማሳወቂያ ያፍናል። እዚህ ላይ ሁለት ወጥመድ አለ። አንደኛው የሰዓት አቆጣጠር ነው። ምሽት 4፡30 በስልኩ ቋንቋ 10፡30 ፒኤም ነው። «4፡30» ብላችሁ ከሞላችሁ በኤኤም ከሌሊቱ 10፡30፣ በፒኤም ከቀኑ 10፡30 ይጀምርና «አይሠራም» ብላችሁ ታጠፉታላችሁ። ሁለተኛው የመተግበሪያ ገደቡ ነው። ለቲክቶክ በቀን 45 ደቂቃ ብትሰጡት ቆጠራው የሚታደሰው እኩለ ሌሊት፣ ልክ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ነው። በ5፡50 ተቆልፎ የነበረው መተግበሪያ በ6፡01 አዲስ 45 ደቂቃ ይዞ ይከፈታል፤ መተኛት በሚገባበት ሰዓት! ስለዚህ ከዕለት ገደብ ይልቅ የመረጣችኋቸውን መተግበሪያዎች የሚዘጋውን ፎከስ ሞድ ከ10፡00 ፒኤም እስከ 6፡30 ኤኤም በቋሚ ፕሮግራም አስተካክሉ።

የሌሊት ኢንተርኔት ጉዳይም አለ። የሌሊት ጥቅል ይረክሳል፤ የግቢው ዋይፋይም ብዙው ሰው ሲተኛ ይፈጥናል። ይህን ሰበብ አድርጎ የሚያመሽ ተማሪ ብዙ ነው። ነገር ግን ያው ባዶ መስመር ንጋት 11 ሰዓት ላይም ባዶ ነው። በ*999# ገብታችሁ የጥቅሉን የሰዓት ክልል እዩ፤ ማውረድ ያለበትን ነገር ማታ በወረቀት ዘርዝሩና የክልሉ የመጨረሻ ሰዓት ላይ ተነስታችሁ አውርዱ። 12፡30 መነሻ ካላችሁ ለዚህ ሲባል አንድ ሰዓት መቅደም፣ በሳምንት አንዴ ከሆነ ብዙ አያናጋም።

አንድ ክፍል ውስጥ አራትም ስድስትም ሆናችሁ ስትኖሩ የአንዱ ስልክ የሁሉ ነው። ሰላማዊ በሆነ ቀን፣ ጠብ ሳይነሳ፣ ሦስት ነገር ተስማሙና በሩ ጀርባ ለጥፉ፦ ከ5 ሰዓት በኋላ መብራት ይጠፋል፣ ድምፅ በኢርፎን ብቻ ይሆናል፣ ጥሪ ኮሪደር ላይ ይወራል። ስምምነቱ ፈተና ሲደርስ ስለሚላላ የፈተና ሳምንት ሰዓትን ለብቻ አስቀምጡለት። የማይስማማ ካለ ፕሮክተር (የዶርም ተቆጣጣሪ) ዘንድ ከመሮጥ በፊት የታጠፈ ሻርፕ ዓይን ላይ፣ የጆሮ መድፈኛ ጆሮ ውስጥ፤ ርካሽ ነው፣ ይሠራል።

እንቅልፍ 20 ደቂቃ ያህል ጠብቃችሁት ካልመጣ አልጋ ላይ አትታገሉ። ተነስታችሁ ወንበር ላይ በደብዛዛ ብርሃን የወረቀት ሃንድአውት አንብቡ፤ ከሁሉ የሚያሰለቸውን ኮርስ ምረጡ። አልጋ ላይ ማጥናት፣ መብላት፣ ፊልም ማየት የለመደ ሰው አእምሮው አልጋን ከንቃት ጋር ያያይዘዋል፤ ይህን መፍታት ሁለት ሦስት ሳምንት ይፈጃል። የቀን እንቅልፍ ከ30 ደቂቃ አይብለጥ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት በፊትም ይለቅ።

ቡናና ጫት

የቡና አገር ተቀምጦ ቡና አትጠጡ የሚል መመሪያ አንባቢ የለውም። ነገሩ ሰዓቱ ነው። ካፌይን በደም ውስጥ ወደ ግማሽ ለመውረድ በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከምሽቱ 12 ሰዓት የተጠጣ ቡና ግማሹ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ ገና ሥራ ላይ ነው። ስለዚህ የመጨረሻው ሲኒ ከቀኑ 8 ሰዓት ባይዘል ይመረጣል። ማታ ቡና ከተፈላና ማለፍ ነውር ከሆነባችሁ አቦሉን አሳልፋችሁ በረካውን ጠብቁ፤ ሦስት ጊዜ የታጠበ ቡና እንቅልፍ እምብዛም አይነሳም።

ጫቱ ከባድ ነው። ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ጋር የሚዛመድ ነው፤ ንቃትን ያመጣል፣ ረሃብን ያፍናል፣ እንቅልፍን ያባርራል። በፈተና ሰሞን «ለጥናት» ተብሎ የተያዘ በርጫ ከኢንተርኔት ጋር ሲገናኝ የሚሆነው ይህ ነው። በምርቃና ጊዜ ትኩረት ይጠባል፤ የያዘውን ነገር አይለቅም። እጅ ላይ ያለው ሃንድአውት ከሆነ ሃንድአውቱን፣ ስልክ ከሆነ ስልኩን። «ፎርሙላውን ልፈልግ» ብሎ ዩቲዩብ የከፈተ ሰው ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ስለ መርከብ አሠራር እያየ ሊገኝ ይችላል። በማግስቱ ድብርቱ ሲመጣ ደግሞ ያንን ለመሸሽ ስልክ ይነሳል። ምርቃናውን በጨብሲ፣ ማለትም ከጫት በኋላ በሚጠጣ አልኮል፣ መስበር የባሰ ነው፤ አልኮል ቶሎ ያስተኛል እንጂ ከሌሊቱ እኩሌታ በኋላ ያለውን እንቅልፍ ይቆራርጠዋል። ማቆም ላልወሰነ ሰው ትንሹ እርምጃ በርጫ ላይ ስልክን ሌላ ክፍል መተውና ማታ አለመቃም ነው። በየቀኑ ለለመደ ሰው ስልኩንም ጫቱንም በአንድ ሳምንት መተው አይመከርም፤ ዱካኩና (ጫት ሲቀር የሚመጣው ቅዠትና ድብርት) የእንቅልፍ መዛባቱ በየትኛው ምክንያት እንደመጣ አይለይም።

ስልኩን ማጥበብ

ሌሊቱ መስመር ሲይዝ፣ ማለትም ከሁለተኛው ሳምንት በኋላ፣ ቀኑን አስተካክሉ። ቴሌግራምን አታጥፉት፤ ለዩት። ኖቲፊኬሽን ሴቲንግ ውስጥ ግሩፕና ቻናል የሚሉትን ሁለቱንም ዝጉና የሴክሽኑን ግሩፕና የተወካዩን ቻናል ብቻ በልዩ ፈቃድ አስገቡ። ሌላውን ሁሉ ድምፁን አጥፍታችሁ አርካይቭ አድርጉ። ድምፁ ሳይጠፋ አርካይቭ የተደረገ ግሩፕ አዲስ መልእክት ሲመጣ ተመልሶ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ሰው «አርካይቭ አይሠራም» የሚለው ለዚህ ነው። በሞባይል ዳታ ምስልና ቪዲዮ በራሱ እንዳይወርድም ዝጉት፤ ካርዳችሁም ይተርፋል።

ዩቲዩብ ላይ በራሱ ቀጣዩን የሚያጫውተውን አጥፉ። የዕይታ ታሪኩን አጥፍታችሁ መመዝገቡንም ካስቆማችሁት የመግቢያው ገጽ የሚያቀርበው ቪዲዮ ያጣል፤ የሚቀረው መፈለጊያው ብቻ ይሆናል። ሌክቸር ለሚፈልግ ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ቲክቶክን ማጥፋት ይቻላል፤ ግን ብቻውን አይበቃም። ቲክቶክን ያጠፋ ሰው በሦስተኛው ቀን አጫጭር የዩቲዩብ ቪዲዮዎች ላይ ይገኛል፣ እነሱን ሲዘጋ የቴሌግራም ቻናል ላይ። ባዶ የቀረውን ሰዓት ካልሞላችሁት የሆነ ነገር ይሞላዋል። አራተኛውን ዓምድ እዚህ ጋ አውጡ። «ድብርት» የሚበዛ ከሆነ ከቀኑ 10፡30 እስከ 12 ሰዓት ያለውን ለእንቅስቃሴ ስጡ፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መጠነኛ እንቅስቃሴ ነው፣ 30 ደቂቃ ፈጠን ያለ እርምጃ በሳምንት 5 ቀን ትንሹን ይሞላል። ዝናብ ባልጣለ ቅዳሜ ወደ ጅረን፣ የአባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ድረስ በእግር መውጣት ከከተማው 7 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ዳገቱ ያስተነፍሳል፣ ስልክ የማውጣት ፍላጎትንም ይወስዳል (ፎቶ ሲቀር)። «ናፍቆት» የሚበዛ ከሆነ ወደ ቤት የሚደወልበትን ሰዓት ቋሚ አድርጉ፣ ከራት በኋላ 20 ደቂቃ፤ የሰው ሕይወት እያዩ ከመቆየት በድምፅ ማውራት ይሻላል። «ጥናት ሽሽት» ከሆነ ቀጣዩ ክፍል የእናንተ ነው።

ላይብረሪ ውስጥ

ስልክ ጠረጴዛ ላይ ተገልብጦ ቢቀመጥም ሐሳብ ይከፍላል። ወደ ላይብረሪ ከመሄዳችሁ በፊት የሚያስፈልገውን ሃንድአውት ላፕቶፕ ላይ አውርዳችሁ ወይም ፕሪንት አድርጋችሁ ስልኩን ዶርም ተዉት። የማይሆን ከሆነ ከጓደኛ ጋር ተለዋወጡ፤ የሰው ስልክ የይለፍ ቃሉ አይታወቅምና አይከፈትም። አጠገባችሁ አንዲት ቁራጭ ወረቀት ይኑር። «ይህን ልፈልግ» የሚል ሐሳብ በመጣ ቁጥር ወረቀቷ ላይ ጻፉና ቀጥሉ። 50 ደቂቃ አጥንታችሁ 10 ደቂቃ ስታርፉ ዝርዝሩን እዩ፤ ግማሹ መፈለግ የማያስፈልገው ሆኖ ታገኙታላችሁ። በእረፍቷ 10 ደቂቃ ግን አጭር ቪዲዮ አትክፈቱ፤ አንዴ ከተከፈተ በ10 ደቂቃ አይቆምም።

የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ቀናት ይከብዳሉ። እጅ ወደ ኪስ ይሄዳል፣ ስልኩ ሳይንቀጠቀጥ የተንቀጠቀጠ ይመስላል። ይህ የተለመደ ነው፣ ያልፋል።

ዓይን፣ አንገት፣ አውራ ጣት፣ ጆሮ

ስክሪን ላይ ስናተኩር ዓይናችንን የምናርገበግበው ከወትሮው በጣም ባነሰ ቁጥር ነው፤ ማቃጠሉ፣ መቅላቱና ማሳከኩ የሚመጣው ከዚህ ድርቀት ነው። በየ20 ደቂቃው ቢያንስ 6 ሜትር የሚርቅ ነገር ለ20 ሰከንድ እዩ፤ በመስኮት ያለው ዛፍ ይበቃል። አትሹት። ስልኩን ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ላፕቶፑን ከ50 እስከ 70 ሴንቲ ሜትር አርቁ፤ ፊደሉ ካልታየ አጠጉ ሳይሆን አግዝፉ። አጉልታችሁም ካልታየ ወይም ክፍል ውስጥ ሰሌዳው ከደበዘዘ ጉዳዩ መነጽር ሊሆን ይችላልና ዓይናችሁን አስመርመሩ።

ጭንቅላት ከ4.5 እስከ 5.5 ኪሎ ይመዝናል። ወደ ፊት 60 ዲግሪ ሲታጠፍ አንገት ላይ የሚያሳርፈው ጫና እስከ 27 ኪሎ እንደሚደርስ ተሰልቷል። የላይኛው አልጋ ላይ ጣሪያውን ፈርቶ ጎብጦ የሚያይ ሰው የሚያመው ለዚህ ነው። ስልኩን ወደ ፊት ከፍ አድርጉ። ላፕቶፕ ሲሆን ከሥሩ ሁለት ሦስት ወፍራም መጽሐፍ አስቀምጣችሁ ለብቻው ኪቦርድና ማውስ ሰኩ።

አውራ ጣት ሥር፣ የእጅ አንጓው አጠገብ የሚያም ከሆነ ይህን ሞክሩ። አውራ ጣትን በቀሩት አራት ጣቶች ጨብጡና እጁን ወደ ትንሿ ጣት በኩል አዘንብሉት። ስለት እንደ ወጋው ካመመ ጅማቱ ሳይቆጣ አልቀረም። ሁለት ሦስት ሳምንት በዚያ አውራ ጣት መሳብ አቁሙ፤ ስልኩን ጠረጴዛ ላይ አድርጋችሁ በሌባ ጣት ተጠቀሙ። ካልተሻለ ክሊኒክ።

ኢርፎን፦ ድምፁ ከ60 በመቶ አይለፍ፣ በየሰዓቱ ይውለቅ። ከጎናችሁ ያለው ሰው የምትሰሙትን ከሰማ በዝቷል።

ሲያገረሽ፣ ሲከብድም

ከሚድ በኋላ ባለው ሳምንት ሁሉም ይንሸራተታል። እስከ 9 ሰዓት ካመሻችሁ በማግስቱ አንድ ነገር ብቻ አትልቀቁ፤ በ12፡30 መነሳትን። «ዛሬ ልካካስ» ብሎ እስከ ቀኑ 6 ሰዓት የተኛ ሰው ያን ምሽት እንቅልፍ አይመጣለትም፣ ከአንድ ሌሊት ይልቅ ሳምንቱን ያጣል። የፈተና ሳምንትም እንዲሁ ነው። ቀን የተጠናውን አእምሮ የሚያደራጀው በእንቅልፍ ሰዓት ስለሆነ ሳይተኙ አድሮ ማጥናት የተጠናውን ያፈሳል።

ውርርድ ለብቻው ይታይ። የኳስ ውርርድ ስልክ ላይ ከገባ ወዲህ የጌምና የቁማር ድንበሩ ጠፍቷል። የተበላውን ለማስመለስ መጨመር፣ ከዶርም ልጆች መበደር፣ ከቤት የተላከውን የወር ብር በሁለት ቀን መጨረስ ከታየ በሴቲንግ የሚፈታ አይደለም። ገንዘቡ የሚያርፍበትን ሂሳብ ለጊዜው እምነት የሚጣልበት ሰው እንዲይዝላችሁ አድርጉና ባለሙያ አናግሩ።

ሁለት ሳምንት ሙሉ፣ አብዛኛውን ቀን፣ መከፋት ወይም የሚወዱት ነገር ሁሉ መጥላት ካለ፣ ስልኩ ምልክቱ እንጂ ሥሩ ላይሆን ይችላል። የተጨነቀ ሰው ስልክ ውስጥ ይደበቃል፤ ስልኩን መንጠቅ ጭንቀቱን አያነሳውም። በግቢው የተማሪዎች ክሊኒክ ጀምሩ፤ ከባድ ከሆነ ወደ ጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል የአእምሮ ሕክምና ክፍል ይላካል። ራስን የማጥፋት ሐሳብ ከመጣ ግን ሪፈር አይጠበቅም፤ በዚያው ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ነው፣ ብቻ ሳይሆኑ፣ ከዶርም ልጅ ወይም ከፕሮክተር ጋር። ጓደኛችሁ እንዲህ ካላችሁ በሩን ክፍት አድርጋችሁ አብራችሁት ቆዩ፣ «ቀልድ ነው» ቢልም ውሰዱት።

ስትሄዱ ባለ አራት ዓምዱን ወረቀት ያዙ። «እንቅልፍ የለኝም» ከሚለው ይልቅ የሰባት ቀን ሰዓት ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል። ጫት የምትቅሙ ከሆነም ስንት ቀን፣ ምን ያህል፣ በስንት ሰዓት እንደሆነ አትደብቁ፤ የሚታዘዘውን መድኃኒት ሊለውጠው ይችላል።